ጎርፍ ‹‹ከአቅም በላይ›› ነውን? የጋሞ ወንዞች፣ ያረጁ ድልድዮችና ሕጉ

አንድ ድልድይ በጎርፍ ሲወሰድ ወይም ጫፉ ተቆርጦ መንገድ ሲዘጋ፣ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚሰጠው መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፡፡ ‹‹ከአቅም በላይ በሆነ የተፈጥሮ አደጋ ምክንያት›› ይባላል፡፡ ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ ይመጣል፣ ተሽከርካሪው ይተላለፋል፣ ጉዳዩም በዚያው ይዘጋል፡፡ ሕግ የተማረ ሰው ግን ይህን ሐረግ በሰማ ቁጥር ጆሮው መቆሙ አይቀርም፡፡ ‹‹ከአቅም በላይ›› በሕጋችን የታወቀ ትርጉም ያለው፣ ኃላፊነትን የሚያስቀር ከባድ ቃል ነውና፡፡

ቃሉ ለድልድዮቻችን ይገባ እንደሆነ ለማየት አርባ ምንጭንና ዙሪያዋን መርጫለሁ፡፡ ድልድይን ያለ ዕድሜው የሚያስረጁት ነገሮች፣ ማለትም ገደላማው ተራራ፣ ደለሉ፣ ደራሽ ውኃው፣ የአሸዋ ቁፋሮውና የመሬት መንቀጥቀጥ ሥጋቱ፣ እዚያ በአንድ ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ፡፡

ከሴቻ የሚታየው

እንደሚታወቀው አርባ ምንጭ አንድ ስም ያላት ሁለት ከተማ ናት፡፡ ሴቻ ከላይ ናት፣ ሲቀላ ከታች፡፡ መሥሪያ ቤቱ በሴቻ፣ ንግዱ በሲቀላ ይበረታል፡፡ ከሴቻ አፋፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው ቀላ ያለው አባያና ጠራ ያለው ጫሞ ይታዩታል፡፡ በመካከላቸው ሁለቱን ሐይቆች የለየው ኮረብታማ መሬት ተዘርግቷል፡፡ ሕዝቡ ‹‹የእግዜር ድልድይ›› ይለዋል፡፡ ይህኛው ጠጋኝ አይፈልግም፡፡ ለእኛ የቀሩት ሰው የሠራቸው ናቸው፡፡

የአባያ ቅላት ለጎብኚ ውበት ነው፤ ለመንገድ መሐንዲስ ግን ማስጠንቀቂያ ነው፡፡ ቀለሙ የመጣው በውኃው ውስጥ ከተንሳፈፈው ደቃቅ ደለል ነው፡፡ ከከተማዋ በስተምዕራብ የሚነሳው የጋሞ ደጋ በጉጌ ተራራ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ የሐይቆቹ ውኃ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር እንኳ አይሞላም፡፡ ወንዞቹ ይህን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርዱት በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ነው፡፡ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ሐሬና ባሶ አሉ፤ ወደ ኮንሶ በሚወስደው ደግሞ ሲሌና ሰጎ፡፡ ኩልፎ ከተማዋን ተጠግቶ አልፎ ወደ ጫሞ ይገባል፡፡ በበጋ ያየ ሰው ሕፃን እንኳ የሚሻገራቸው ይመስለዋል፡፡ ደጋው ላይ በዘነበ ጊዜ ግን ሲቀላ ፀሐይ እየሞቀች ሳለ ወንዙ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይደርሳል፡፡

የዝናቡም ወቅት ከመሀል አገር ይለያል፡፡ በአርባ ምንጭ ዋናው ዝናብ የሚጥለው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ሁለተኛው ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ እስከ ጥቅምት ይቆያል፡፡ የአገራችን የመንገድ ጥገና ልማድ ግን ክረምት አለፈ፣ መስከረም ጠባ በሚል የመሀል አገር አቆጣጠር የተቃኘ ነው፡፡ በጀቱም የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፡፡ ገንዘቡ ተለቅቆ፣ ጨረታው ወጥቶ፣ ተቋራጩ ተመርጦ፣ ዕቃው ተጓጉዞ ሥራው ሊጀመር ሲል የካቲት ወይም መጋቢት ቢሆን የሚደንቀው የለም፡፡ ይህ ማለት የጋሞ ወንዞች ሊሞሉ አንድ ወር ሲቀራቸው ነው፡፡ አዲስ አበባ ላይ ምክንያታዊ የሚመስለው የጊዜ ሰሌዳ ሴቻ ላይ ሲደርስ ትርጉም ያጣል፡፡

ድልድይ የሚወድቀው ከእግሩ ነው

ብዙዎቻችን ድልድይ የሚያረጀው እንደ ቤት ይመስለናል፡፡ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ፌሮው ይዝጋል፣ ቀለሙ ይለቃል፡፡ ይህም አለ፡፡ የውኃ መውረጃው በአፈር ተደፍኖ የዝናብ ውኃ በመጋጠሚያው በኩል ሲንጠባጠብ ዓመታት ካለፉ ከውስጥ ያለው ብረት ይበላል፡፡ ከተፈቀደው በላይ የጫነ መኪናም የራሱን ድርሻ ያበረክታል፡፡ ነገር ግን በወንዝ ላይ የተሠሩ ድልድዮችን በዓለም ዙሪያ ከምንም በላይ የሚጥላቸው የላይኛው አካላቸው እርጅና ሳይሆን ከመሠረታቸው ሥር ያለው መሬት መሸርሸር ነው፡፡ ባለሙያዎቹ ‹‹ስካወር›› ይሉታል፡፡

አሠራሩ እንዲህ ነው፡፡ የሞላ ወንዝ ምሰሶውን ሲመታ ውኃው ወደ ታች ይታጠፋል፤ በምሰሶው እግር ዙሪያ እየተሽከረከረ አሸዋውንና ጠጠሩን ያወጣል፤ ጉድጓድ ይቆፍራል፡፡ ጎርፉ ሲያባራ ጉልበቱ ይደክምና የተሸከመውን ደለል እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይጥለዋል፡፡ በማግሥቱ የሄደ ተቆጣጣሪ ደልዳላ አሸዋ አይቶ ይመለሳል፡፡ ያ ልቅ አሸዋ ግን እንደ ቀድሞው መሬት ሸክም አይችልም፡፡ በሚቀጥለው ጎርፍም ያለ ብዙ ትግል ይነሳል፡፡ ድልድዩ ላይ ቆሞ አስፋልቱንና የብረት አጥሩን ብቻ መመልከት የበሽተኛን ልብስ አይቶ ጤናውን እንደመገመት ነው፡፡

በጋሞ ቆላ ደግሞ ተቃራኒው አደጋም አለ፡፡ ወንዙ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንስና ያመጣውን ድንጋይ ያራግፋል፡፡ የወንዙ ወለል ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል፤ በድልድዩ ሥር የነበረው ክፍተት ይጠባል፡፡ ሐይቆቹ ከፍ ሲሉ ወንዞቹ ወደ ሐይቅ የሚወርዱበት ቁልቁለት ስለሚቀንስ ደለሉ ይበልጥ ወደ ላይ ይከማቻል፡፡ ክፍተቱ የጠበበ ድልድይ ሥር አንድ ትልቅ ግንድ ቢሰነቀር ወንዙ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፡፡ የሚያገኘውም መንገድ ብዙውን ጊዜ የድልድዩ መዳረሻ ላይ የተሞላው አፈር ነው፡፡ በዚህ ዓይነት ድልድዩ ሳይነካ ቆሞ መንገዱ ብቻ ይቆረጣል፡፡ ወንዙ በአንድ በኩል፣ ድልድዩ በሌላ በኩል ሆነው መቅረታቸው በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፡፡

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አሸዋው ነው፡፡ ከተማ ሲያድግ አሸዋ ይፈልጋል፡፡ አርባ ምንጭም እያደገች ነው፤ ቅርቡ አሸዋ ያለው ደግሞ ወንዝ ውስጥ ነው፡፡ ከድልድዩ በታች የተቆፈረ ጉድጓድ እዚያው አይቀርም፡፡ ወንዙ ጉድጓዱን ለመሙላት ከላይ በኩል ያለውን ወለል እየቦረቦረ ይመጣል፤ ቁፋሮው ሽቅብ ይጓዛል ማለት ነው፡፡ በአካፋ የሚጭነው ወጣት እንጀራውን እየፈለገ ነው፣ አልወቅሰውም፡፡ ከድልድዩ በስንት ሜትር ርቀት መቆፈር እንደሚቻል የሚነግረው፣ ሌላም ቦታ የሚያሳየው ሰው ሊኖር ይገባል እንጂ፡፡

ሌሎች የከፈሉት ዋጋ

አሸዋና ድልድይ ሲነሱ የፖርቱጋሉን ታሪክ መዝለል አይቻልም፡፡ እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2001 ምሽት በዶሮ ወንዝ ላይ የነበረው የሂንትዝ ሪቤይሮ ድልድይ አንድ አውቶቡስና ሦስት አነስተኛ መኪኖች ይዞ ተደረመሰ፤ 59 ሰዎች ሞቱ፡፡ ድልድዩ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1887 ነበር፡፡ ምርመራው የደረሰበት ድምዳሜ ለዓመታት ከወንዙ የወጣው አሸዋ የወለሉን መሬት ዝቅ እንዳደረገውና ጎርፉ የምሰሶውን መሠረት እንደጨረሰው ነበር፡፡ የመሠረተ ልማት ሚኒስትሩ ዦርጅ ኮኤሎ ወዲያውኑ ሥልጣን ለቀቁ፡፡ የተከሰሱት መሐንዲሶች ግን እ.ኤ.አ. በ2006 በፍርድ ቤት ነፃ ተባሉ፡፡ አሸዋውን የፈቀደው አንድ፣ ድልድዩን የሚጠብቀው ሌላ፣ ወንዙን የሚያስተዳድረው ሦስተኛ አካል በሚሆንበት አገር ለ59 ሰው ሞት አንድ ጥፋተኛ ለይቶ ማግኘት ለዳኛም ከባድ ነው፡፡

አሜሪካኖችም ትምህርቱን በነፃ አላገኙትም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲልቨር ብሪጅ የተባለው ድልድይ ወድቆ 46 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ድልድይ ሁሉ በየሁለት ዓመቱ እንዲፈተሽ የሚያዝ አገር አቀፍ ደንብ አወጡ፡፡ ይህ ደንብ እየሠራም በኤፕሪል 1987 በኒውዮርክ ግዛት የስኮሃሪ ድልድይ ምሰሶው ተሸርሽሮ ተደረመሰ፤ 10 ሰዎች ሞቱ፡፡ ዕድሜው ገና 33 ዓመት ነበር፡፡ በምሰሶው እግር የተከመረው መከላከያ ድንጋይ ቀድሞ በጎርፍ ተወስዶ ሳይተካ ቀርቷል፡፡ ከዚያ ወዲህ ነው በውኃ ላይ ያሉ ድልድዮች ለመሸርሸር ያላቸው ተጋላጭነት ለብቻው ይመርመር የተባለው፡፡ ምርመራው ሲካሄድ መሠረታቸው ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው የማይታወቅ ድልድዮች በአሥር ሺዎች ተቆጠሩ፡፡ የኛስ? ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ እያገለገሉ ላሉት የድንጋይ ቅስቶች የመሠረት ንድፍ ሊገኝ ይችላልን?

በራሳችን አገርም የወንዝ ጉልበት የታየበት የታወቀ ምሳሌ አለ፡፡ በሞጣ በኩል አባይን የሚያሻግረው ‹‹ሰባራ ድልድይ›› በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተሠርቶ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተሰብሮ፣ ሕዝቡ ለአሠርት ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ሲሻገርበት ኖረ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2002 ኬን ፍራንዝ የተባሉ አሜሪካዊ በጎ አድራጊና ድርጅታቸው በክፍተቱ ላይ ብረት ዘረጉ፡፡ በ2005 ጎርፍ ብረቱን ወሰደው፡፡ በ2009 ተመልሰው ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ሠሩ፡፡ ወንዙ በአንድ ወቅት የደረሰበትን ከፍታ ያልመዘገበ ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል፡፡ ከዚያው ከአባይ ሳንወጣ፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ የጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ነው፡፡ ስልሳ ዓመት ያህል ያገለገለውን አሮጌ ድልድይ ተካ፡፡ በባሕር ዳርም በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ ተመርቋል፡፡ ሁለቱም የሚያኮሩ ሥራዎች ናቸው፡፡ ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ያረጀ ድልድይ እንዲህ ያለ ምትክ ልናገኝ አንችልም፤ ለሐሬና ለሲሌ ዓይነት ወንዞችማ ጭራሽ አይታሰብም፡፡ ያሉንን ማቆየት ግድ ነው፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ነገር የሚባለው ባለዕዳው በመደበኛ ሁኔታ ሊገምተው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚከለክለው ድርጊት እንደሆነ ይደነግጋል፡፡ ሁለቱም ሊሟሉ ይገባል፡፡ ቁጥር 1793 እንደ ምሳሌ ከጠቀሳቸው መካከል የመሬት መንቀጥቀጥ፣ መብረቅና ጎርፍ ይገኙበታል፡፡ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ‹‹ጎርፍ ተጽፏል›› ይላል፡፡ ድንጋጌው ግን እንደ ነገሩ ሁኔታ ሊሆኑ ይችላሉ ነው የሚለው፡፡ ቁጥሮቹ ስለ ውል የተጻፉ ቢሆኑም፣ መሥሪያ ቤቶቻችን ቃሉን ሲዋሱ ትርጉሙን ጥለው መዋስ አይችሉም፡፡

ታዲያ ጎርፉ ሊገመት የማይችል ነውን? የመሐንዲሶቹን ሒሳብ እንመልከት፡፡ ‹‹የመቶ ዓመት ጎርፍ›› ሲባል በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ቀን ቆጥሮ የሚመጣ ማለት አይደለም፤ በማንኛውም ዓመት የመድረስ ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ማለት ነው፡፡ ለ50 ዓመት በሚያገለግል ድልድይ ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣት ዕድሉ 39 በመቶ ያህል ነው፡፡ ለ75 ዓመት ከሆነ 53 በመቶ ይደርሳል፡፡ ከመምጣቱ አለመምጣቱ የሚጠራጥር እንግዳ ማለት ነው፡፡ ለእንዲህ ያለ እንግዳ ‹‹አላሰብንህም ነበር›› ማለት በየትኛው ችሎት ያስኬዳል? ያውም ይህ ስሌት የአየር ጠባዩ እንደ ድሮው ነው፣ ደጋውም እንደ ድሮው ደን ለብሷል ብሎ የሚነሳ ነው፡፡

በዚሁ ሕግ ቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ ጉዳት እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ ነው ይላል፡፡ ቁጥር 2079 ደግሞ ጉዳት ሳይደርስ በፊት፣ የሌላው ሰው ሕንፃ የሚያሰጋው ሰው ባለቤቱ አደጋውን የሚያስወግድ እርምጃ እንዲወስድ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፡፡ ድልድይ ‹‹ሕንፃ›› ነው ወይ የሚለው ያከራክራል፡፡ በእኔ እምነት በመሬት ላይ ተተክሎ የሰው ሸክም የሚችል ግንባታ ከዚህ ድንጋጌ የሚወጣበት በቂ ምክንያት የለም፡፡ ይህ ባይሆን እንኳ ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ለፈጸመው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን ካሣ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል፡፡ አዲስ የተሠራ ከሆነም ቁጥር 3039 ተቋራጩን ለአሥር ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ ያደርገዋል፡፡ ይህ የአሥር ዓመት ዋስትና ሳይጠየቅበት እንዳያልፍ የሚከታተል ሰው ግን ያስፈልጋል፡፡

የጉዳዩ ቋጠሮ ያለው በሥልጣን ክፍፍሉ ላይ ነው፡፡ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 9 መሠረት ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶች የፌዴራሉ መንግሥት ኃላፊነት ናቸው፤ ድልድዮቻቸውም አብረው ይሄዳሉ፡፡ የግንባታ ማዕድናት ፈቃድ፣ አሸዋን ጨምሮ፣ በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት በአመዛኙ የክልል ሥልጣን ነው፡፡ ክልሉ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው፤ ገና ቤቱን እያደራጀ ያለ፡፡ ተዳፋቱ የደጋው ገበሬ ማሳ ነው፡፡ ስለዚህ ኩልፎ ላይ ምሰሶው የአንዱ፣ ከምሰሶው ሥር ያለው አሸዋ የሌላው፣ ጎርፉ የሚነሳበት ተራራ የሦስተኛው ይሆናል፡፡ ፖርቱጋልን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም፡፡ አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3 መንግሥት አደጋ እንዳይደርስ የመከላከል ግዴታ እንዳለበት ሲደነግግ የትኛው መሥሪያ ቤት ብሎ አልለየም፤ ሁሉንም ያስራል ብዬ እረዳዋለሁ፡፡

ምን ሊደረግ ይቻላል?

ከሁሉ አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ድልድይ ዶሴ ይከፈትለት፡፡ የሕግ ሰው አባዜ ነው ሊባል ይችላል፡፡ ነገር ግን መቼ ተሠራ፣ መሠረቱ ስንት ሜትር ወርዷል፣ ባለፈው ጎርፍ ውኃው የት ደረሰ፣ ማን ፈተሸው፣ ምን ብሎ ፈረመ የሚል መዝገብ ከሌለ ጥገናም ተጠያቂነትም አይኖርም፡፡ በምሰሶው ላይ በቀለም የተቀባ የሜትር ምልክት፣ ከገመድ ጫፍ የታሰረ እርሳስ ወደ ውኃው ጥሎ ጥልቀት መለካት፣ ከየጎርፉ በኋላ ከአንድ ቦታ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ ማንሳት ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፡፡ ለዚህ አርባ ምንጭ ከሌሎች ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት፡፡ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተቋቁሞ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም የውኃ መሐንዲስ ሲያፈራ የኖረው እነዚሁ ወንዞች ዳር ነው፡፡ በሚያዝያ ዝናብ ማግሥት ተማሪ ልኮ ወለሉን ማስለካት ለመመረቂያ ጽሑፍም ለመንገድ አስተዳደሩም ይጠቅማል፡፡

የጥገና ገንዘብ ምንጭ በሕግ ታስቦበታል፡፡ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ክፍያ መንገድን ለመጠገን ታስቦ የተመሠረተ ነው፡፡ ችግሩ ጥገና ሪባን የለውም፡፡ የውኃ መውረጃ ቱቦ ስለተጠረገ፣ በምሰሶ እግር ትላልቅ ድንጋይ ስለተደረደረ፣ ወይም ጋቢዮን ስለታሰረ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን አይቼ አላውቅም፡፡ ሲሚንቶና ብረት በሚወደድበት አገር ግን የአንድን ድልድይ ዕድሜ በሃያ ዓመት ማራዘም አዲስ ከመሥራት በእጅጉ ይረክሳል፤ ለአካባቢም ይበጃል፡፡ ዘላቂ ልማት የሚባለው ይኸው አይደለምን?

ስለ መሬት መንቀጥቀጡ አጭር ነገር ልበል፡፡ አርባ ምንጭ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ የእግዜር ድልድይ ራሱ እሳተ ገሞራ የሠራው መሬት ነው፡፡ በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳፈራረሰ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ ብዙ ሺህ ሰዎች እንደተፈናቀሉ ይታወሳል፡፡ ያረጀ ድልድይ በዚህ ጊዜ የሚፈራው ሰሌዳው ከተቀመጠበት ድጋፍ ተንሸራቶ እንዳይወድቅ ነው፡፡ መፍትሔውም ሰሌዳውን በብረት ገመድ ወይም ማገጃ ከድጋፉ ጋር ማሰር፣ መቀመጫውንም ማስፋት ነው፡፡ ለዚህ ድልድዩን ማፍረስ አያስፈልግም፡፡ ይሁን እንጂ ጎርፉ በየዓመቱ ስለሚመጣ ገንዘቡ አንድ ከሆነ ቅድሚያው ለመሠረቱ መሆን አለበት፡፡

ደጋውስ? ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የወረደው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል፡፡ ብዙዎቹ አስቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ፡፡ ናዳ የሰው ሕይወት ከማጥፋቱ ሌላ ወንዝ ይገድባል፤ ግድቡ ሲበጠስ ጭቃና ቋጥኝ የተቀላቀለበት ጎርፍ ወደ ታች ይለቅቃል፡፡ የትኛውም ድልድይ ለዚህ ታስቦ አልተሠራም፡፡ በዶርዜና በጨንቻ ተዳፋት ላይ ያለው እንሰትና ቀርከሃ፣ አባቶች የሠሩት እርከንም፣ ለሲቀላ መንገደኛ የድልድይ መከላከያ ነው፡፡ የጋሞ ሕዝብ ስለ መሬትና ስለ ዕርቅ የሚመክርበት ዱቡሻ አለው፡፡ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ዱቡሻ ላይ ተገኝቶ ደጋው ላይ የተቆረጠ ቀርከሃ ቆላ ላይ ምን እንደሚያደርስ ቢያስረዳ፣ የአሸዋ ቁፋሮው ወሰንም እዚያው ቢነገር፣ ከብዙ ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል ብዬ አምናለሁ፡፡

አሁን ባለው ሕግ እንኳ፣ በቁጥር 2079 ተመሥርቶ ከድልድይ ሥር አሸዋ እንዳይወጣና ፍተሻ እንዲደረግ የሚጠይቅ አቤቱታ ለማቅረብ ድልድዩ እስኪወድቅ መጠበቅ አያስፈልግም፡፡ በየቀኑ በኩልፎ ላይ የሚመላለስ ባለታክሲም፣ ሙዙን ከላንቴ በሐሬ አሻግሮ ወደ ሲቀላ የሚያወጣ ገበሬም ከሳሽ የመሆን ጥቅም አላቸው፡፡ አቤቱታው የት ይቅረብ፣ በማን ላይ ይቅረብ የሚለው ግን ገና በችሎት መፈተን አለበት፡፡